ጀማሪን በአንድ ዓመት ሥራ መመዘን ይገባልን?



ፍርድ መስጠት ቀላል ነው፤ ትክክለኛ ፍርድ መስጠት ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው የተረቱት ለወጥ ቤት ሥራ ብቻ አይደለም። ሰውን ለመመዘን የሚቸኩል ሁሉ የተረቱ ባለቤት ነው። ይህን እውነት ለማስረዳት በዚህ ዓመት የመረጥሁት ምሳሌ ከአገራችን ርቆ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድኖች በየዓመቱ ለሚመለምሏቸው ጀማሪ ተጫዋቾች የሚሰጠው ማርክ ነው። ነገሩ የጨዋታ ወሬ ቢመስልም ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሚመዘኑት ከእኛ በሦስትና በአራት ዓመት ብቻ የሚበልጡ ወጣቶች ናቸውና፥ በአንድ ዓመት ሥራቸው የሚሰጠው ፍርድ እንጀራቸውን፥ አንዳንድ ጊዜም ጤናቸውን ይነካል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጨዋታውን ለማያውቁ ወገኖቼ ጥቂት ላስረዳ። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ እግር ኳስ ከምንለው ፈጽሞ የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘውም በእጅ ነው። ከያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። አንድ ቡድን የሚያጠቁት ሰዎች ለብቻ፥ የሚከላከሉት ሰዎች ለብቻ አሉት። የአጥቂዎቹ መሪ ኳርተርባክ ይባላል፤ ኳሱን ተቀብሎ ለጓደኛው የሚወረውር ወይም ለሯጭ የሚያቀብል እርሱ ነው። ኳሱን ይዞ የባላጋራውን የመጨረሻ መሥመር ያለፈ ተችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ ይህም ለቡድኑ 6 ነጥብ ያስገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ድራፍት የሚባለው የምልመላ ሥርዓት የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡን ያመነጩት የፊላደልፊያው ቡድን ባለቤት በርት ቤል ነበሩ። ከዚያ በፊት ሀብታሞቹ ቡድኖች ደኅና ደኅናውን ልጅ ከየዩኒቨርሲቲው እየወሰዱ ድኾቹን ባዶ እጃቸውን ያስቀሯቸው ነበር። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ የወጣው ቡድን በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን ምርጫ እንዲያገኝ ተወሰነ። በመጀመሪያው ዓመት 9 ቡድኖች በ9 ዙር 81 ወጣቶችን መለመሉ። ዛሬ ቡድኖቹ 32፥ ዙሮቹ 7 ናቸው፤ በየዓመቱም ከ250 የሚበልጡ ወጣቶች ይመለመላሉ። የሚያስደንቀው ነገር፥ በ1936 ከሁሉ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር የሚባለው ተማሪ አንድም ቀን በፕሮፌሽናል ሜዳ ሳይጫወት ወደ ሌላ ሥራ ገባ። እንግዲህ ምልመላ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ፈራጆችን ሲያታልል የኖረ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ወጣቱ ቡድኑን አይመርጥም፤ ቡድኑ ይመርጠዋል እንጂ። አሰልጣኙን፥ ከተማውን፥ አብረውት የሚሰለፉትን ሰዎች ሌላ ሰው ወስኖለት ይሄዳል። ከዚያም ምልመላው በተፈጸመ ማግሥት ጋዜጠኞች ለየቡድኑ ኤ፥ ቢ፥ ሲ እያሉ ማርክ ያድላሉ። ይህ ማርክ ፈተናው ሳይሰጥ የሚታረም ወረቀት ስለ ሆነ ብዙ አልናገርበትም። የመጀመሪያው የውድድር ዓመት ሲፈጸም ግን ሁለተኛ ማርክ ይሰጣል፤ ይህ በሥራ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ያምነዋል። እኔም ልመረምረው የምፈልገው ይህንን ሁለተኛውን ማርክ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌዬ የ1998 ዓ.ም. ምልመላ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ኳርተርባኮች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ተመረጡ። አንደኛው ፔይተን ማኒንግ ወደ ኢንዲያናፖሊስ፥ ሁለተኛው ራያን ሊፍ ወደ ሳንዲያጎ ሄዱ። ውድድሩ በተጀመረ በሁለት ሳምንት የሊፍ ቡድን ሁለቱንም ግጥሚያ አሸንፎ ነበር፤ የማኒንግ ቡድን ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ግጥሚያዎች በተከታታይ ተሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ የማኒንግ ቡድን 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ የሊፍ ቡድን 5 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። ማኒንግ የወረወራቸው 28 ኳሶች በባላጋራ እጅ ገቡ፤ ይህም እስከ ዛሬ በጀማሪዎች መዝገብ ከሁሉ የበዛው ቍጥር ነው። በድልና በሽንፈት ብቻ ለሚቈጥር ሰው ሊፍ የተሻለ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ማኒንግ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑን 13 ጊዜ ለድል አበቃ፤ በኋላም 5 ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሊፍ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከጨዋታው ወጣ።

ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበርን? ይቻል ነበር። ማኒንግ 28 ኳሶች ቢጠለፉበትም 26 ተችዳውን ወርውሮ ነበር፤ 16ቱንም ግጥሚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰልፏል። ሊፍ ግን 15 ኳሶች ተጠልፈውበት የወረወረው ተችዳውን 2 ብቻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በደንብ ለሚጠይቀው ሰው ነው። «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ከላይ የሚታየውን የድል ቍጥር ትቶ ከሥር ያለውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ በአንድ ቡድን ውስጥ የሆነ ነው። በ2017 የካንሳስ ሲቲ ቡድን ፓትሪክ መሆምስ የሚባለውን ኳርተርባክ ለማግኘት ከ27ኛ ተራው ወደ 10ኛ ለመውጣት ሲል የወደፊት ምርጫዎቹን ለሌላ ቡድን ሰጠ። በዚያው ምልመላ በ3ኛው ዙር ካሪም ሀንት የሚባል ሯጭ ወሰደ። ዓመቱ ሲያልቅ ሀንት 1,327 ያርድ ሮጦ ከሊጉ ሯጮች ሁሉ አንደኛ ወጣ። መሆምስ ግን ዓመቱን ሙሉ አሌክስ ስሚዝ ከሚባለው ነባር ኳርተርባክ በስተ ኋላ ተቀምጦ ሲመለከት ቆየ፤ የተሰለፈውም በመጨረሻው አንድ ግጥሚያ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ማርክ የሚሰጥ ሰው «ሀንት ወርቅ፥ መሆምስ ገና ያልታወቀ» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ነገር ግን በ2018 መሆምስ 50 ተችዳውን ወርውሮ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ከዚያም በ2020፥ በ2023ና በ2024 ቡድኑን የሱፐር ቦውል ባለ ድል አደረገ። ሀንትን ደግሞ በኖቬምበር 2018 ከሜዳ ውጭ በፈጸመው ጥፋት ክለቡ አሰናበተው። ተቀምጦ የተማረው የአንድ ዓመት ጊዜ በማርክ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ነበር የሚታየው። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ባዶ ቦታ የቡድኑ ከሁሉ የተሻለ ሥራ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረታችንን አሰልጣኙ አንዲ ሪድ ሰምተውት ባያውቁም፥ ሠርተውበታል።

እዚህ ላይ ዕድል የሚባለውን ነገር ማንሣት ግድ ነው። ቶም ብሬዲ በ2000 ዓ.ም. በ6ኛው ዙር 199ኛ ሆኖ በኒው ኢንግላንድ ቡድን ተመረጠ። በመጀመሪያው ዓመቱ በአንድ ግጥሚያ ብቻ ገብቶ 3 ኳስ ወረወረ፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ለጓደኛው ደረሰ፤ ያም ያስገኘው 6 ያርድ ነው። ይህ ሰው በኋላ 7 ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ብሮክ ፐርዲ ደግሞ በ2022 ከተመረጡት 262 ወጣቶች የመጨረሻው ሆኖ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ከፊቱ ሁለት ኳርተርባኮች ነበሩ፤ አንደኛው በሴፕቴምበር ቁርጭምጭሚቱ፥ ሁለተኛው በዲሴምበር እግሩ ተሰበረ። ፐርዲ ገባ፤ በመደበኛው ውድድር የጀመራቸውን 5 ግጥሚያዎች ሁሉ አሸነፈ፤ በጥሎ ማለፍም ሁለት ጨምሮ አሸነፈ። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስብ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ባይሰበሩ ኖሮ የፐርዲ የመጀመሪያ ዓመት እንደ ብሬዲ ባዶ ሆኖ ይቀር ነበር። ሰውዬው ያው፥ ችሎታው ያው፤ ማርኩ ግን በሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለውን ማርክ የሰውዬው ማርክ ነው ብሎ መጥራት ይገባልን?

የቸኮለ ፍርድ ጉዳቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ሰውነትንም ይጎዳል። በ2012 የዋሽንግተን ቡድን ሮበርት ግሪፊን ሣልሳዊ የሚባለውን ኳርተርባክ በ2ኛ ተራ ለመምረጥ ሲል የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን፥ በዚያም ላይ አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለሌላ ቡድን አስረከበ። ወጣቱም አላሳፈራቸውም፤ 20 ተችዳውን ወረወረ፤ የተጠለፉበት 5 ብቻ ናቸው፤ በእግሩም 815 ያርድ ሮጠ። ቡድኑ 10 አሸንፎ 6 ተሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ግሪፊንም ከአጥቂዎች ወገን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ነገር ግን በዲሴምበር ወር ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። በጃንዋሪ 6 ቀን 2013 በጥሎ ማለፉ ግጥሚያ ሳይሻለው ተሰለፈ፤ እያነከሰ ተጫወተ፤ በመጨረሻም ጉልበቱ ተቀደደና ወደ ቀዶ ጥገና ሄደ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ግሪፊን አልተመለሰም።

ይኸው ቡድን በዚያው ምልመላ በ4ኛው ዙር ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ መርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ኳርተርባክ እያላቸው ሌላ ኳርተርባክ ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ተገርሞ ነበር። በ2015 ግን ቡድኑን የመራው ከዝንስ ነው። እንግዲህ በ2012 መጨረሻ የዋሽንግተን ምልምሎች ማርክ በሙሉ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ቀሪው ዋጋ ግን ማንም ባልቈጠረው በሌላው ሰው ዘንድ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት የመጨረሻው ዓመት አስመስሎ የሚያይ ሕዝብ፥ ጋዜጣና የቡድን ባለቤት ባለበት ስፍራ፥ የ22 ዓመት ወጣት «ጉልበቴን አሞኛልና ልውጣ» ለማለት ብርቱ ድፍረት ያስፈልገዋል። ልጁ እንዲህ ካላለ ደግሞ አዋቂዎቹ ሊሉለት ይገባ ነበር። ይህ ነው በበኩሌ ከቍጥሩ ሁሉ የሚከብደኝ።

ደግሞም የጀማሪዎቹን ማርክ ከቡድኑ ማርክ ጋራ ማደባለቅ አይገባም። በአንድ ዓመት ከአጥቂዎችም ከተከላካዮችም ወገን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የሚባሉት ሁለቱም ከአንድ ቡድን መውጣታቸው ብርቅ ነገር ነው፤ በ1967 በዲትሮይት ከሆነ በኋላ እስከ 2017 አልታየም። በ2017 ኒው ኦርሊንስ ሯጩን አልቪን ካማራንና ኮርነርባክ የሚባለውን ተከላካይ ማርሾን ላቲሞርን አስገኘ። በ2022 ደግሞ ኒው ዮርክ ጄትስ ኳስ ተቀባዩን ጋሬት ዊልሰንንና ተከላካዩን ሶስ ጋርድነርን አስገኘ። ማርኩ አንድ ዓይነት ነው፤ የሁለቱ ቡድኖች ዕጣ ግን እንደ ሰማይና ምድር ተራራቀ። ኒው ኦርሊንስ በ2016 7 አሸንፎ 9 የተሸነፈ ቡድን ነበር፤ በ2017 11 አሸነፈ፤ ከዚያም ጀምሮ እስከ 2020 በተከታታይ አራት ዓመት የምድቡ አንደኛ ሆነ። ጄትስ ግን በ2022 7 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ በ2023ም እንዲሁ፤ በ2024 ደግሞ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። በኖቬምበር 2025 ጋርድነርን ራሱን ለኢንዲያናፖሊስ አሳልፎ ሰጠው። ልዩነቱ ከምን መጣ? ኒው ኦርሊንስ ድሩው ብሪስ የሚባል የታወቀ ኳርተርባክና የጸና ቤት ነበረው፤ ጀማሪዎቹ የገቡት በቆመ ቤት ውስጥ ነው። ጄትስ ግን ምሰሶው ያልቆመለት ቤት ነበር፤ የሚያምር በርና መስኮት ገጠሙለት፤ በርና መስኮት ግን ጣራ አይሸከምም። ስለዚህ «ጀማሪዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ቡድኑም ዳነ» ማለት እንደማይገባ ሁሉ፥ «ቡድኑ ተሸነፈ፤ ጀማሪዎቹም ከንቱ ናቸው» ማለት አይገባም።

ስለ ኒው ኦርሊንስ የ2017 ምልምሎች ሁለት ቃል ልጨምር። ማርከስ ዊልያምስ የሚባለው ጀማሪ ተከላካይ በዚያ ዓመት 4 ኳስ ጠልፎ ነበር። ነገር ግን በጃንዋሪ 14 ቀን 2018 ከሚኔሶታ ጋራ በተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ፥ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ስቴፎን ዲግስን ለመጣል ሲወረወር ሳተው፤ ዲግስም ሮጦ የ61 ያርድ ተችዳውን አስቆጠረ፤ ኒው ኦርሊንስ 29 ለ24 ተሸንፎ ወጣ። ለብዙ ሰው የዊልያምስ የመጀመሪያ ዓመት ማለት ያቺ አንዲት ቅጽበት ሆነች። ቡድኑ ግን አልጣለውም፤ እስከ 2021 ድረስ አብሮት ሠራ፤ በ2022ም ባልቲሞር በብዙ ገንዘብ ወሰደው። ሌላው ትሬይ ሄንድሪክሰን ነው። በመጀመሪያው ዓመቱ ኳርተርባክን ኳሱን ሳይወረውር የጣለው 2 ጊዜ ብቻ ስለ ነበር ስሙን የሚያነሣ አልነበረም። በ2020 ግን 13 ጊዜ ተኩል ጣለ፤ (ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሲጥሉ ለያንዳንዱ ግማሽ ይቈጠራል) ወደ ሲንሲናቲ ከሄደም በኋላ በ2023ና በ2024 በያንዳንዱ ዓመት 17 ጊዜ ተኩል ጣለ። የአንደኛው ስሕተት ከልክ በላይ ተቈጠረ፤ የሁለተኛው ተስፋ ከቶ አልተቈጠረም።

የጥንቱንም ካየን ነገሩ ያው ነው። በ1974 የፒትስበርግ ቡድን ሊን ስዋንን፥ ጃክ ላምበርትን፥ ጆን ስቶልወርዝንና ማይክ ዌብስተርን በአንድ ምልመላ መረጠ። አራቱም በኋላ በጨዋታው የክብር አዳራሽ ስማቸው ገብቷል፤ ብዙዎች እስከ ዛሬ ከተደረጉት ምልመላዎች ሁሉ ይበልጣል ይሉታል። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ግን ከአራቱ በሙሉ ክብር የታየው ላምበርት ነው። ስዋን በይበልጥ የሠራው በእግር የተመቱ ኳሶችን ይዞ በመሮጥ ነበር፤ ዌብስተርም በነባሩ ሰው ተተኪነት ቆየ። ዌብስተር ጊዜው ደርሶ ቦታውን ሲይዝ ግን ለብዙ ዓመታት የቡድኑ መካከለኛ ምሰሶ ሆነ።

አሁን ደግሞ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ እናዳምጥ። «ቡድን ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ነው፤ ዐሥር ዓመት ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ዛሬ ካልፈረደ ነገ ይከስራል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። በ2018 የአሪዞና ቡድን ጆሽ ሮዘን የሚባለውን ኳርተርባክ በ10ኛ ተራ መርጦ በዚያ ዓመት 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ምርጫ ሲደርሰው ካይለር መሪ የሚባለውን ኳርተርባክ መረጠና ሮዘንን ለማያሚ ሰጠው። መሪ የ2019 ምርጥ ጀማሪ ተባለ፤ ሮዘን ግን በሄደበት ሁሉ አልቀናውም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ይሆናል። ሆኖም ግን እዚህም አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዓመት ሦስት ግጥሚያ ብቻ ባሸነፈ ቡድን ውስጥ የ21 ዓመት ልጅ አስገብቶ፥ በዓመቱ ሌላ ቦታ መላክ የልጁን ችሎታ መመዘን ነውን? ወይስ ቤቱን ሳይመረምሩ እንግዳውን መውቀስ? ቡድኑ የተሻለ ሰው በማግኘቱ አልነቅፈውም። «ሮዘን አይረባም» ብሎ በዚያው ዓመት የጻፈውን ፈራጅ ግን እነቅፋለሁ፤ ያን ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ በእጁ አልነበረምና።

መልካም የጀመረም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። የሂውስተኑ ሲ ጄ ስትራውድ በ2023 በመጀመሪያ ዓመቱ 23 ተችዳውን ወርውሮ የተጠለፈበት 5 ብቻ ነበር፤ 3 ብቻ አሸንፎ የነበረው ቡድንም በእርሱና በተከላካዩ በዊል አንደርሰን ዘመን 10 አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የስትራውድ ተችዳውን 20፥ የተጠለፈበት 12 ሆነ። ይህ ውድቀት አይደለም፤ የማንኛውም ጀማሪ መንገድ ወጣ ገባ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ላቅርብ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ፍርድ ፈጽሞ አይሰጥ አልልም። ይሰጥ፤ ነገር ግን በእርሳስ ይጻፍ እንጂ በቀለም አይጻፍ። ፈራጁም ከመጻፉ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ።

አንደኛ፥ ለዚህ ወጣት የተሰጠው ሥራ ምን ነበር? ስንት ግጥሚያስ ተሰለፈ? ተቀምጦ እንዲማር የታዘዘውን «ምንም አልሠራም» ማለት ግፍ ነው።

ሁለተኛ፥ አጠገቡ የቆሙት እነማን ነበሩ? በቆመ ቤት የገባና ባልቆመ ቤት የገባ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ሦስተኛ፥ ከሴፕቴምበር ይልቅ በዲሴምበር ተሻለን? በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። የዓመቱ ድምር የት እንደ ደረሰ ይነግረናል፤ የወራቱ አካሄድ ግን ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል።

አራተኛ፥ ጤናው እንዴት ነበር? ጤናውንስ ጠበቁለትን? ታሞ የተጫወተውን ማመስገን ብቻ ሳይሆን፥ ታሞ እንዲጫወት የፈቀዱለትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቀለም የሚጻፈው ፍርድ ግን በአራተኛው ዓመት ይሁን። ይህን ቍጥር ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። ከ2011 ጀምሮ በሊጉና በተጫዋቾቹ ማኅበር ስምምነት የተመለመለ ጀማሪ የሚፈርመው ውል አራት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዙር ለተመረጠው ደግሞ ቡድኑ ከፈለገ አምስተኛ ዓመት ይጨምርለታል። እንግዲህ ቡድኑ ራሱ ወጣቱን ለማየት አራት ዓመት ከተሰጠው፥ ገንዘቡን ያላወጣው ጋዜጠኛና ተመልካች በአራት ወር ለመጨረስ ምን ያስቸኵለዋል? ደግሞም የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ በስንተኛ ተራ እንደ ተመረጠ አብሮ ይታሰብ። ከ2ኛ ተራ የሚጠበቀው ከ199ኛ ተራ አይጠበቅምና፥ 199ኛው በጥቂቱ ሲሠራ ብዙ ሠራ ይባላል፤ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ የተከፈለበት ግን በጥቂቱ ቢሠራ ዋጋውን አልመለሰም። በዚህ የሚጠየቀው ግን መራጩ ነው እንጂ የተመረጠው ልጅ አይደለም። ዋጋውን የቈረጠው እርሱ አይደለምና።

የክፍል ጓደኞቼ፥ እኛም በቅርቡ የሚመለከተን ነገር ነው። ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ እንበተናለን፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዱ ሥራ ቤት ይገባል። ከመካከላችን በመጀመሪያው ዓመት የሚያበራ ይኖራል፤ ተቀምጦ የሚማር ይኖራል፤ እንደ ማኒንግ 28 ጊዜ እየተጠለፈበት መወርወሩን የማይተው ይኖራል። የሚያበራው አይታበይ፤ የተቀመጠው አይፈር፤ የተሳሳተውም መወርወሩን አይተው። መምህራኖቻችንና ወላጆቻችንም የመጀመሪያውን ዓመት ወሬያችንን ሲሰሙ፥ ደስታቸውንም ኀዘናቸውንም በእርሳስ እንዲጽፉልን በትሕትና እንለምናቸዋለን።

ማርክ ሰጪ መኖሩ መልካም ነው፤ ያለ ምዘና እድገት የለምና። ነገር ግን ፍርድ በተሰጠ ቍጥር ከሥሩ የተሰጠበት ቀን ይጻፍ። «በዚህ ቀን፥ ይህን ያህል አይቼ፥ እንዲህ መሰለኝ» ብሎ የሚጽፍ ፈራጅ ቢሳሳት እንኳ ሰው አይጎዳም። በአንድ ዓመት ያየውን የዘላለም አድርጎ የሚጽፍ ግን ቢቀናው እንኳ ፈራጅ ሳይሆን ባለ ዕድል ነው።